መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው የማን ባለዕዳ ነው?

ከሞተ በኋላ ስሙ በምድር ላይ እንዲታወስ የማይመኝ ሰው ጥቂት ነው። አንዱ ልጅ በመውለድ፥ ሁለተኛው ቤት በመሥራት፥ ሦስተኛው መጽሐፍ በመጻፍ ስሙን ለማቆየት ይደክማል። ከሦስቱ ቀላል መስሎ የሚታየው መጽሐፍ መጻፍ ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ወረቀትና ቀለም ካገኘ ምን ይከለክለዋል? ይልቁንም በዛሬው ዘመን ኮምፒዩተር የፊደል ለቃሚውን ድካም ስላስቀረው፥ ጽፎ ማሳተም ከቀድሞው እጅግ ቀሏል። ነገር ግን የመጻፊያው መሣሪያ ስለ ቀለለ የጸሐፊው ዕዳ አይቀልለትም። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ እውነተኛ ነገር ጽፎ ለማሳተም የሚነሣ ሰው የማን ባለዕዳ ነው? ዕዳውንስ በምን ይከፍላል?

አስቀድመን ልብ ወለድን ከዚህ እንለይ። ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ሰዎቹን ራሱ ስለ ፈጠራቸው፥ ቢገድላቸው ቢያድናቸው የሚከሰው የለም። ስለ ነበረ ነገርና ስለ ነበሩ ሰዎች የሚጻፍ መጽሐፍ ግን ምስክርነት ነው። ምስክር በዳኛ ፊት ሲቆም “አይተሃል ወይስ ሰምተሃል? ከማን ሰማህ?” ተብሎ ይጠየቃል። መጽሐፍ የጻፈውን ሰው ግን ፊት ለፊት የሚጠይቀው የለም። አንባቢው በሩቅ ነው፤ የተጻፈበትም ሰው ብዙ ጊዜ በመቃብር ነው። እንግዲህ ጸሐፊው ራሱ ምስክር፥ ራሱ ጠያቂ፥ ራሱም ዳኛ ሊሆን ነው። ሦስቱን ሥራ አንድ ሰው ሲይዘው ፈተናው ምን ያህል እንደሚከብድ አስተዋይ አንባቢ አያጣውም።

አባቶቻችን “በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ብለዋል። ይህን ምሳሌ መጽሐፍን ለማመስገን ስንጠቅሰው እንኖራለን፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያም አለበት። የሚወረሰው እውነቱ ብቻ አይደለም፤ ሐሰቱም ይወረሳል። በቡና ላይ የተነገረ ውሸት ከተናጋሪው ጋራ ይሞት ይሆናል፤ የታተመ ውሸት ግን የልጅ ልጅ ያገኘዋል፥ “እንዲህ ተብሎ ተጽፏል” እያለም ይማልበታል።

ዕዳቸውን ዐውቀው የጻፉ ሰዎች በአገራችን አልጠፉም። አለቃ ክፍለ ጊዮርጊስ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጀመሩ፤ ሳይፈጽሙት ቢያርፉ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙበት። እርሳቸውም ሳያሳትሙት ስላረፉ፥ አደራውን አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በመምህራቸው ስም አሳተሙት። አንድ መጽሐፍ ሦስት ሊቃውንት አለፉበት ማለት ነው። አለቃ ደስታ በራሳቸው ስም ለመጠራት ዕውቀት አላነሳቸውም፤ የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ታትሟል። ነገር ግን የመምህራቸውን ሥራ የመምህራቸው አድርገው ለአገር ሰጡ። እንዲሁም በልጅነቱ በምንኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1911 ዓ.ም. ሲሞት፥ “መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር” የተባለው መጽሐፉ ገና አልታተመም ነበር፤ ለኅትመት የበቃው በ1916 ዓ.ም. ነው። ታትሞ ሳያየው የሚሞት ሰው የጻፈው ለጭብጨባ ነው ለማለት ያስቸግራል።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፥ ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፥ የተማርሁበትን ትምህርት ቤትና በዙሪያው ያለውን መንደር ታሪክ ለመጻፍ ተነሣሁ። መጻፍ መማር ማለት ዐረፍተ ነገር ማሳመር ይመስለናል፤ ዐረፍተ ነገር ማሳመርንማ ለልጆች ሳስተምር ኖሬአለሁ። እዚህ ያገኘሁት ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም የማውቀውን፥ የሰማሁትንና የምገምተውን ለያይቶ መያዝ ነው። ደብተሬን በሦስት ዐምድ ከፈልሁት። በመጀመሪያው የተነገረኝን፥ በሁለተኛው ማን እንደ ነገረኝና እርሱ ከየት እንዳገኘው፥ በሦስተኛው ነገሩን የሚደግፍ ወይም የሚያፈርስ ሌላ ማስረጃ ጻፍሁ። ሦስተኛው ዐምድ ብዙ ጊዜ ባዶ ነበር። የጸሐፊ ጨዋነት የሚፈተነው በዚህ ባዶ ስፍራ ነው፤ በምኞት ልሙላው ቢል እጁን የሚይዘው የለምና።

አንድ ምሳሌ ልንገር። በትምህርት ቤቱ ግቢ አጠገብ በጥርብ ድንጋይ የተገነባ የውሃ ጉድጓድ አለ። ስለዚሁ ጉድጓድ አንድ ሚሲዮናዊ በእንግሊዝኛ የጻፈው ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ወሩ ኖቬምበር፥ ዓመቱ 1930 ይላል። ይህ ቍጥር እንዳለ ወደ አማርኛ ቢገለበጥ፥ አንባቢ ጉድጓዱ በ1930 ዓ.ም. የተቆፈረ ይመስለዋል። በዚያ ዓመት ደግሞ አገራችን በኢጣልያ ወረራ ሥር ነበረች፤ ወረራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየ ነውና። እንግዲያስ የመንደሩ ሰው በገዛ እጁ የቆፈረው ጉድጓድ የወራሪ ሥራ ሆኖ ሊቀር ነበር። ነገር ግን የደብዳቤው ቍጥር የአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር 1923 ዓ.ም. ይሆናል። አንድ ቍጥር የስንት ሰው ላብ ሊሰርቅ እንደሚችል ተመልከቱ!

ያንን ጉድጓድ ማን ቆፈረው? በመንደሩ የታወቀው ወሬ “አንድ ባላባት ቆፈሩት” የሚል ነው። ደብዳቤውን ባነበው፥ ባላባቱ መሬቱን እንደ ሰጡና ለቆፋሪዎቹ እህል እንደ ሰፈሩ ይናገራል፤ አራት ሰዎች እንደ ቆፈሩም ይላል፤ የአራቱን ስም ግን አይጠራም። ኋላ አንዲት ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው እናት ዘንድ ሄድሁ። “ልጄ፥ የጉድጓዱን ድንጋይ የጠረበውና የገነባው አባቴ ነው። ንጉሡ ዘውድ በጫኑበት ዓመት ነው ብሎ ሲነግረን ነው ያደግነው” አሉኝ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። እኒህ እናት ደብዳቤውን አላዩትም፤ ቢያዩትም እንግሊዝኛ አያነቡም። ነገር ግን የነገሩኝ ዓመት ከደብዳቤው ዓመት ጋራ ገጠመ። በሚመረመረው ነገር ታምኖ የተገኘ ምስክር፥ በማይመረመረውም ሊደመጥ ይገባዋል። ቢሆንም ቃላቸው ከአባታቸው የሰሙት እንጂ በዓይናቸው ያዩት አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ መሬቱንና እህሉን የሰጡት ባላባቱ መሆናቸው በደብዳቤ ይታወቃል፤ ድንጋዩን የጠረበውና የገነባው ግን እገሌ የሚባል ግንበኛ እንደ ነበረ ልጁ ከአባታቸው የሰሙትን መስክረዋል፤ ደብዳቤው የቆፋሪዎቹን ስም አይጠራም።

ቋንቋችን በዚህ ነገር የሚያስተምረን አለ። “ቆፈረ” እና “አስቆፈረ”፥ “ሠራ” እና “አሠራ” የተባሉት ቃላት የሚለያዩት በጥቂት ፊደል ነው። ነገር ግን በዚያች ጥቂት ፊደል ውስጥ ዶማ የያዘ ሰው ሁሉ ተደብቋል። “ጌታዬ አሠሩ” የሚለው ነገር ሲደጋገም “ጌታዬ ሠሩ” ይሆናል፤ ሠሪው ሳይሞት ይቀበራል። “ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው” ይባላል፤ በመጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ እሾሁ ለሠሪው፥ ስሙ ለአሠሪው ይደርሳል።

መጽሐፉ ተጽፎ ሲያልቅ የማሳተሚያው ገንዘብ አስቸገረኝ። ማተሚያ ቤቱ የዋጋውን እኩሌታ በቅድሚያ ጠየቀኝ፤ እኔም ያለኝ የጡረታ አበል ነው። በዚህ ጊዜ የባላባቱ የልጅ ልጅ፥ ቀድሞ ያስተማርሁት፥ ዛሬ ደኅና ነጋዴ የሆነ ሰው፥ ወሬውን ሰምቶ መጣ። “ጋሼ፥ ወጪውን በሙሉ እኔ እችለዋለሁ፤ አንድ ሺህ ቅጂ ይታተም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጉድጓዱን የቆፈሩት አያቴ ናቸው ተብሎ ይጻፍልኝ፤ የግንበኛው ነገር ይቅርልኝ” አለኝ። ይህ ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ አያቱ ጉድጓድ እንደ ቆፈሩ ሲነገረው አድጓል፤ የሚወድደውንም አያቱን ለማክበር ፈለገ። አያቱም ቢሆኑ በእውነት መሬትና እህል የሰጡ ቸር ሰው ናቸው።

አንድ ወዳጄ “አንዲት መስመር ናት፤ ስለ አንዲት መስመር መጽሐፉ በሙሉ ይቅር? የመንደሩ ልጆች ታሪካቸውን እንዳያነቡ ታደርጋለህ?” አለኝ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ያልታተመ እውነት ማንንም አይጠቅምም፤ አይጥና ምስጥ ይበላዋል። ትልቁን እውነት ለማውጣት ትንሹን ሐሰት መፍቀድ ብልሃት ነው የሚል ሰው፥ ሞኝ ነው ብዬ አልንቀውም። ነገር ግን ብዙ ቀን ካሰብሁ በኋላ በሦስት ምክንያት አልተቀበልሁትም።

አንደኛ፥ ያቺ መስመር የእኔ ንብረት አይደለችም። የግንበኛው ናት፤ እርሱም ሞቶ ሊከራከር አይችልም። የራሴን በሬ ሸጬ መጽሐፍ ባሳትም መብቴ ነው፤ የጎረቤቴን በሬ ሸጬ ባሳትም ግን መጽሐፉ መልካም በመሆኑ ከስርቆት አልድንም። ሁለተኛ፥ አንዲት መስመር በገንዘብ እንደ ተሸጠች አንባቢ ቢያውቅ፥ የቀሩትን መስመሮች በምን ያምናቸዋል? አንድ ሐሰተኛ ብር የተገኘበት ነጋዴ የቀረው ብሩ ሁሉ እየተገላበጠ ይታያል። ሦስተኛ፥ ባላባቱ ሌላም መታሰቢያ አላቸው፤ መሬት አላቸው፥ ስም አላቸው፥ ባለጸጋ የልጅ ልጅ አላቸው። ግንበኛው ግን ከዚያች መስመር በቀር የትም አልተጻፈም። ዕዳ የሚከብደው ሌላ ማስረጃ ለሌለው ሰው ነው።

ይሁን እንጂ ልጁን በባዶ እጁ መስደድ አልወደድሁም። በጥንቱ ልማዳችን የብራና መጽሐፍ ያጻፈ ሰው ስሙ በመጽሐፉ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ቁም ጸሓፊውም “ይህን ያጻፈ እገሌ ነው” ብሎ ጸሎት ይለምንለታል። ይህ ነውር የለበትም፤ ገንዘብ የሰጠውን ገንዘብ ሰጠ ማለት እውነት ነውና። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ሌላ ሰው መጽሐፉን ሲወርሰው የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን ያስገባ ነበር፤ ተፍቀው ሌላ ስም የተጻፈባቸው ብራናዎች ዛሬም ይታያሉ። እኔም ለልጁ “በምስጋናው ገጽ ያሳተመው አንተ እንደ ሆንህ በጉልህ ፊደል እጽፋለሁ፤ አያትህም መሬትና እህል እንደ ሰጡ በሙሉ ክብር ይጻፋል። ግንበኛውን ግን አልፍቅም” አልሁት። እርሱም አሰበና “እንግዲያስ ይቅርብኝ” ብሎ በሰላም ሄደ።

የዚህ ነገር ዋጋው ምን እንደ ሆነ አልሸሽግም። በአንድ ሺህ ቅጂ ፈንታ ሦስት መቶ ብቻ ታተመ፤ እርሱም ሁለት ዓመት ዘግይቶ። የመንደሩ ልጆች ብዙዎቹ አላገኙትም፤ ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው። ለቤታችን ጣራ የተቀመጠው ገንዘብ ወደ ማተሚያ ቤት ስለ ሄደ፥ አሮጌው ቆርቆሮ እያፈሰሰ ሌላ ክረምት አለፈ። ባለቤቴ አላጉረመረመችም ብል እዋሻለሁ። እውነትን መናገር በከንቱ የሚገኝ ነገር አስመስለው የሚሰብኩ ሰዎች ሒሳቡን አልከፈሉም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። እውነት የሆነ ሁሉ ይጻፍን? እኔ አይጻፍ እላለሁ። አንድ ሽማግሌ የአንዱን ቤተሰብ ቅድመ አያት በባርነት ተሽጦ የመጣ ሰው እንደ ነበረ ነገሩኝ። በሰው መሸጥ ነውሩ የሸጠው እንጂ የተሸጠው ሰው አይደለም፤ ነገር ግን በመንደሩ እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ምክንያት ጋብቻ የሚከለክሉ ሰዎች አሉ። የትምህርት ቤቱ ታሪክ ይህን አይፈልገውም፤ ስለዚህ ተውሁት። በሌላ በኩል ደግሞ በአንድ ዘመን ብዙ ልጆች ከትምህርት ቤቱ ሸሽተዋል፤ ምክንያቱም የመምህራን ዱላ ነው። ይህን ብተወው አንባቢው ልጆቹን ሰነፎች፥ ወላጆቹንም ትምህርት ጠሎች ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የመምህራኑን ስም ሳልጠራ ነገሩን ጻፍሁ፤ ያሳደገኝ ትምህርት ቤት ስለሆነ እጄ ቢከብድም።

ሁለቱን የምለይበት ሚዛን ይህ ነው፤ “አንባቢው የተውሁትን ነገር በኋላ ቢያውቅ፥ ተታለልሁ ይላልን?” አዎን የሚል ከሆነ ዝምታው ውሸት ነው፤ አይ የሚል ከሆነ ዝምታው ጨዋነት ነው። ሐሰት አለመናገር ሁልጊዜ ግዴታ ነው፤ ሁሉን መናገር ግን ግዴታ አይደለም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ወሰን መፈለግ የጸሐፊ የዕለት ሥራው ነው።

ሕግ በዚህ ነገር ብዙ አይረዳንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ደራሲውን ከሌባ ይጠብቀዋል፤ ገንዘብ የሚያገኝበት መብቱ በሕይወቱ ዘመን ሙሉ፥ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ ሃምሳ ዓመት ይጸናል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሙቱን ከደራሲው የሚጠብቅለት ማን ነው? ስም ያጠፋ ሰው ይከሰስ ይሆናል፤ አንዱን ድኻ በዝምታ ከታሪክ የፋቀውን ሰው ግን የሚከስ አላየሁም። በዚህ ስፍራ ከኅሊና በቀር ዘበኛ የለም።

እንግዲህ ለመጻፍ ለምትነሣ ወንድሜና እኅቴ የምመክረው ጥቂት ነገር ነው። ጥራዝ ነጠቅ እንዳትባል ከመጻፍህ በፊት ጠይቅ፤ ሽማግሌዎች መጽሐፍህን አይጠብቁምና ወደ እነርሱ ዛሬ ሂድ። የነገሩህን ሰዎች ስም፥ ፈቃዳቸውን ጠይቀህ፥ በመጽሐፍህ አስገባ። ስለ አንድ ሰው የጻፍኸውን ክፍል ሳይታተም ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ አንብብለት፤ ያልወደደውን ሁሉ ለማውጣት ሳይሆን፥ የተሳሳተ ነገር ካለ ለመስማት ነው። ለዕርማት የመጣልህን ወረቀት ራስህ ብቻህን አታርመው፤ ዓይን የራሱን ጽሑፍ ሲያነብ የተጻፈውን ትቶ ያሰበውን ያያልና። ይልቁንም ስምና ቍጥር በሁለተኛ ሰው ዓይን ይታይ።

በመጨረሻም የምትቀንሰው ነገር ሲመጣ ከራስህ ጀምር። ማተሚያ ቤቶች አንዱን ትልቅ ወረቀት አጥፈው አሥራ ስድስት ገጽ ስለሚያወጡት፥ መጽሐፍ በአሥራ ስድስት በአሥራ ስድስት እየተቈጠረ ይሄዳል። የእኔ መጽሐፍ 163 ገጽ ስለ ሆነ፥ ሦስቱን ገጽ ብቀንስ በ160 ገጽ፥ ማለት በአሥር ወረቀት፥ ያልቅልኝ ነበር። የራሴ የሕይወት ታሪክ ሦስት ገጽ ነበረ፤ የነገሩኝ ሰዎች ስም ዝርዝርም እንዲሁ ሦስት ገጽ ነበረ። የሚወጣው የትኛው እንደ ሆነ ለመወሰን ብዙ ሊቅነት አላስፈለገኝም።

አንባቢ ሆይ፥ ለጥያቄያችን መልሱ ከዚህ ይገኛል። ጸሐፊ የሙት ባለዕዳ ነው፤ መልስ አይሰጥምና። የነጋሪዎቹ ባለዕዳ ነው፤ ከእነርሱ ተበድሮ ይጽፋልና። የአንባቢው ባለዕዳ ነው፤ ሳያየው አምኖታልና። የሚከፍለውም በሚያምር ቃል አይደለም፤ እያንዳንዱ ነገር በምን ላይ እንደ ቆመ በግልጥ በመናገር ነው። ዕዳውን ከፍሎ የተረፈ ስም ቢኖረው ያ ስም ይባረክለት፤ ባይተርፈውም፥ ግንበኛው በመስመሩ ላይ ቆሞ ይገኛልና ድካሙ ከንቱ አልሆነም።